ሲቀነስ አራት

ሰንጋ ተራ፣ ከባንኮቹ ግንብ ሥር፣ ከምድር በታች አራተኛ ወለል፣
የማታ ተረኛ ነኝ፤ መኪና እየቆጠርኩ ሌሊቱን የምከፍል።
ሊፍቱ ላይ ቁጥር አለ፤ ከላይ አሥራ ስምንት፣ ከታች ሲቀነስ አራት፤
መሃል ላይ ዜሮ፣ በሩ ወደ መንገድ የሚከፈትባት፣
ሎተሪ አዟሪው፣ የታክሲው ወረፋ፣ ፀሐይም ያለባት።

አይናዲስ፣ የዘርትሁን ልጅ፣ እናቷ ደረጃውን እስክታጥብ
እኔ ጋ ትቀመጣለች፣ ትኬት በምቆርጥባት ጠባብ
ክፍል፤ ደብተሯ በጉልበቷ፣ እርሳሷ በጥርሷ።
«ጋሽ ሽብሩ፣ ይቺን እኩልታ ላስረዳህ?
ለሰው ካልነገርኩ አይገባኝም» አለች፣ ግማሹን ለራሷ።

ልስማ አልኳት። ከሰባተኛ ክፍል ነው የወጣሁት፤
ኤክስ ማለት ለኔ፣ ከትምህርት ቤት የቀረሁ ለት
ከስሜ ፊት የተሰመረች ምልክት ናት።

«ኳስ ተመታች እንበል፣ ውጪ፣ ንጣፉ ላይ።
ኤክስ የንጣፉ ቁጥር ነው፤ ዋይ ከፍታዋ ወደ ላይ።
ዋይ እኩል ነው ሲቀነስ ኤክስ ካሬ
ሲደመር ስምንት ኤክስ ሲቀነስ አሥራ ሁለት።
ጥያቄው፦ መሬት የምትነካው የትና የት?»

«ሄደሽ አታዪም ታዲያ?»
ሳቀች። «ሳይሄዱ ለማወቅ ነው እኮ ሒሳብ።
መሬት ስትነካ ከፍታዋ ስንት ነው? አስብ።»
የሊፍቱን ቁልፎች አየሁ።
«ዜሮ» አልኩ፣ እንደ ፈራ ሰው።

«በቃ! ዋይን በዜሮ ተካሁ። ምልክቱን ሁሉ ገለበጥኩ፤
ዜሮ ቢገለበጥም ያው ዜሮ ነው፣ ምንም አላጎደልኩ።
አሁን ሁለት ቁጥር ፈልግልኝ፣
ሲባዙ አሥራ ሁለት፣ ሲደመሩ ስምንት።»

ሦስትና አራት፤ ድምሩ ሰባት፣ አንድ ጎደለን።
አንድና አሥራ ሁለት፤ አሥራ ሦስት፣ ተረፈን።
ሁለትና ስድስት።
ገጠመ፣ እንደ ማታ ሒሳብ ርክክብ።

«ስለዚህ ኤክስ ሲቀነስ ሁለት፣ ሲባዛ ኤክስ ሲቀነስ ስድስት፣ ዜሮ።
ለምን በለኝ እንጂ!»
«ለምን?»
«ሁለት ቁጥር ተባዝተው ውጤቱ ባዶ ከወጣ
አንዳቸው ባዶ ናቸው፤ ሌላ ምክንያት ከየት ይመጣ?
አሥር ቢሆን ማን ያውቃል፣ አምስት በሁለት ይሁን አሥር በአንድ፤
ዜሮ ብቻ ነው አባቱን የማይክድ።
ወይ ኤክስ ሁለት ነው፣ ወይ ስድስት።
ከሁለተኛው ንጣፍ ተነሣች፣ ስድስተኛው ላይ አረፈች።
እነዚህን ሥር ይሏቸዋል።»

ሥር ስትል ጫማዬን አየሁ፤ ሲሚንቶ ነበር።

«አሥራ ሁለቷን ብናበዛትስ?»
«አሥራ ስድስት ካልናት አራተኛው ላይ ብቻ፣ አንዴ፣ መሬቱን ስማ ትመለሳለች።
ሃያ ካልናት...» እርሳሱ ተንጫጨ።
«ስምንት በስምንት ስልሳ አራት፤ ሰማንያ ይቀነስበት፤
ሲቀነስ አሥራ ስድስት።
በራሱ ተባዝቶ ከዜሮ የሚያንስ ቁጥር ታውቃለህ?»
«አላውቅም።»
«እኔም። መሬት አትነካም።»
«ታዲያ የት ናት?»
«ከታች። ከፍ ያለችበት ጊዜ እንኳ ሲቀነስ አራት።»

አንድ መኪና ገባ። ትኬት ቆረጥኩ።
መብራቱ ሲያልፍ ግድግዳው ላይ የተቀባውን አነበብኩ፣
ዘጠኝ ዓመት ስደገፈው ያላነበብኩትን፦ ሲቀነስ አራት።

ዘርትሁን ከነባልዲዋ መጣች። ልጅቷ ደብተሯን እየከተተች፣
«ቅርጿ ግን ያው ነው» አለች፣ «መጨረሻ ያለችው ቁጥር ናት ያወረደቻት።
ከሃያዋ ስምንት ብትቀንስላት ትወጣለች።»

ሲነጋ ሊፍት ጠራሁ። ዜሮን ተጫንኩ።
ከዩኒፎርሜ ጋር ሁለተኛው ንጣፍ ላይ ቆምኩ፣
ስድስተኛውን አየሁ፣ ዘለልኩ።
አራተኛው ላይ ወደቅኩ።
ሎተሪ አዟሪው፣ «አባት፣ ደኅና ነዎት?» አለኝ።
አልመለስኩለትም፤ ወደ ሁለተኛው ንጣፍ እየተመለስኩ ነበር።